ሎሚና ዓሣ

ከአዳማ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኙት በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ይሰገራል። በአካባቢው ከተሞች ዓሣው ከመጠበሱ አስቀድሞ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም በጨውና በሎሚ ይታሻል።

ይህ ልማድ በቂ ምክንያት አለው። የዓሣን ሽታ ከሚያመጡት ውሁዶች አንዳንዶቹ በሎሚ ውስጥ ካለው ሲትሪክ አሲድ ጋር ሲዋሐዱ ስለማይተኑ ሽታው ይቀንሳል። አሲዱ የሥጋውንም ፕሮቲን ስለሚለውጥ ሥጋው ይነጣል፤ ጠንከርም ይላል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስተውሉ፤ የነጣ ሥጋ ሁሉ የበሰለ አይደለም። ሎሚ በጥሬ ዓሣ ውስጥ የሚገኙትን ጀርሞችና ጥገኛ ትሎች ሁሉ አይገድልም፤ ይህ የእሳት ሥራ ነው። ስለዚህ ዓሣውን በሎሚ እሹት፤ ሳታበስሉት ግን አትብሉት።