ከገበታ ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ወደ ጉበት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በገበያ እጅግ ተፈላጊ ሆነው ነበር። ነጭ ሽንኩርትን በባዶ ሆድ ከአረቄ ጋር በመውሰድ ከበሽታው እንጠበቃለን የሚሉም ነበሩ። ቫይረሱን የሚገድል ምግብም ሆነ መጠጥ የለም። ምግብ የሚረዳን ዘገም ባለ ሌላ መንገድ ሲሆን፣ መንገዱም በአንጀትና በጉበት በኩል ያልፋል።

ከበሽታ ተከላካይ ሕዋሳታችን ከፍተኛው ክፍል የሚገኘው በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። የግድግዳው የውስጥ ሽፋን ግን የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን በየ3 እስከ 5 ቀኑ ራሱን ያድሳል፤ ለዚህም ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ያስፈልጉታል። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ጥቂት ዘይት ሲጨመርባቸው ደግሞ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። በእህልና በጥራጥሬ ያለው ዚንክ ፋይቴት በተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያዝ ሰውነታችን በቀላሉ አያገኘውም። ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን እንጀራን አቡክተው መጋገራቸው ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው። የጤፍ፣ የገብስ፣ የባቄላና የሽምብራ አሰር ደግሞ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጡበታል፤ የትልቁ አንጀት ሽፋን ዋነኛ ምግብም ይኸው ነው። በጾምም ሆነ በፍስክ ሽሮና ጎመን ከገበታ አይጥፉ የምንለው ስለዚህ ነው።

ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው ከአንጀትና ከአካባቢው ነው። በመሆኑም ከበላነውና ከጠጣነው አብዛኛው በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት ነው። አልኮል የአንጀትን ሽፋን ስለሚያላላ የባክቴሪያ ቅሪቶች አልፈው ጉበትን ያስቆጣሉ፤ ራሱ አልኮሉም ጉበትን ይጎዳል። የእጅ ማጽጃ አልኮልማ ከቶ የሚጠጣ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትን በወጥ ውስጥ መመገብ መልካም ነው፤ ዕፅዋትን አብዝቶና አጠንክሮ ቀቅሎ በየዕለቱ መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ የጉበት ሕመም ያለባቸው ወገኖች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

ለወራት የሚበቃ እህል ያከማቹ ቤተሰቦች ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የጉበት ካንሰር ያስከትላል። በመቀቀልም ሆነ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እህሉን በደንብ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የሻገተውን ማስወገድ ይገባል፤ የሻገተውን ለላም መስጠትም መርዙን በወተት በኩል ወደ ልጆች ይመልሰዋል።

ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ወይም ሽንታቸው የጠቆረ ሰዎች ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ትኩሳት፣ ሳልና የመተንፈስ ችግር ያጋጠመው ሰው በ2012 ዓ.ም. በ8335 ነፃ የስልክ መስመር እንዲደውል ይመከር ነበር።