ኩንታልና ወገብ፤ ከአንድ ወጌሻ ጋር የተደረገ ጭውውት

ሰው ጤነኛ ሳለ ወገብ እንዳለው ትዝ አይለውም። ፊቱን ይታጠባል፤ ጥርሱን ይፍቃል፤ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ወገቡን ግን አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ድንገት ሰንጎ እስኪይዘው ድረስ አያስበውም። ከዚያ ወዲያ ግን ከወገቡ በቀር ሌላ ወሬ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ይህም ማለት ከ13 ሰዎች አንዱ ማለት ነው።

ይህን ነገር ጠንቅቀው ከሚያውቁት ሰዎች አንዱን ባለፈው ሰሞን እዚሁ አዲስ አበባ ከሚሠሩበት ክፍል ድረስ ሄደን አነጋግረናቸው ነበር። ሞያቸው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ይኸውም በመርፌና በቢላዋ ሳይሆን በእጅ፣ በእንቅስቃሴና በምክር ሕመምን ማስታገስ፣ የደከመውንም አካል ወደ ሥራው መመለስ ነው። በሽተኞቻቸው «ዶክተር» ይሏቸዋል። ቀድሞ በእግር ኳስ ሜዳ ዳር ቦርሳቸውን ይዘው ይቀመጡ በነበረ ጊዜ ግን ተመልካቹ «ወጌሻ! ወጌሻ!» እያለ ይጠራቸው ነበር። «ይኸኛው ስም ይበልጥ ደስ ይለኛል» ይላሉ እየሣቁ፤ «ወጌሻ የወደቀውን ሰው በእግሩ ያቆማል፤ የእኔም ድካም ለዚሁ ነው።» ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን ስማቸውን ትተን አሳባቸውን ብቻ እናቀርባለን።

በገባን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እየሳበ ይለቅ ነበር። ሥራው በመርካቶ፣ በእህል በረንዳ፣ ኩንታል መሸከም ነው። አንድ ቀን ከመኪና ላይ ጤፍ ሲያወርድ ወገቡ ተያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዲስክህ ተንሸራቷል፤ እንዳትንቀሳቀስ» ስላለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመደቡ ላይ ሳይወርድ ከርሞ፣ ሕመሙ ሲብስበት ጊዜ ተደግፎ ወደዚህ መጣ። ያን ዕለት ሳይደገፍ ቆሞ ነበር። ነገር ግን ፊቱ ላይ አንድ ጭንቀት ይታይ ነበርና ጥቂት ቆይቶ ተናገረው። «ዶክተር፣ እንደገና እሸከማለሁ? ወይስ ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ እሱ ይሥራ?»

ባለሞያው ወዲያው አልመለሱለትም። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «አይዞህ ወንድሜ፤ ልጅህን ከትምህርቱ አታንሣው። ወገብህ ይጠነክራል፤ የሸክሙን ነገር ግን እንነጋገርበታለን» አሉትና ወደ እኛ ዞሩ።

«ይህን ሰው የጎዳው ኩንታሉ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት መተኛቱም ነው። ድሮ እኛም ራሳችን ወገቡን ያመመውን ሰው በጠንካራ ሳንቃ ላይ ተኛ እንል ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ከፊንላንድ የወጣ አንድ ጥናት ወገባቸው የተያዘ 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞችን በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ክፍል ሁለት ቀን ተኛ፤ ሁለተኛው የወገብ ጅምናስቲክ ሠራ፤ ሦስተኛው ሕመሙ እስከ ፈቀደለት ድረስ የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ፈጥኖ የተሻለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የዘገየው የተኛው ነው።»

ስለ ዲስክ መንሸራተት ጠየቅናቸው። ይህ ቃል ብዙ ሰው እንዳስፈራራ ነገሩን። «ሰው ፎቶ ተነሥቶ ‹ዲስክህ አርጅቷል› ሲባል እንደ ተፈረደበት ይቆጥረዋል። ሆኖም አንድም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ተመርምረው ከሃያ ዓመት ወጣቶች ከመቶው 37፣ ከሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች ደግሞ ከመቶው 96 የሚሆኑት ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመ ነው። እንግዲህ ፎቶው የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ሽበት ነው። ሽበት ደግሞ በሽታ አይደለም።»

ይሁን እንጂ ችላ የማይባል የወገብ ሕመም እንዳለ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ያለው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ እግሮቹ የሰነፉበት ሰው በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከወገብ ሕመም ጋር የተጣመሩበትም ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ ወደ አከርካሪ አጥንትም ይገባልና። ከወደቀ ወይም መኪና ከገጨው በኋላ የታመመም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ መታሸትም ሆነ መታገሥ አይበጅም።

ለቀረው ግን ምክራቸው ቀላል ነው። ዕቃ ስታነሣ ከሰውነትህ ጋር አስጠግተህ አንሣ፤ እያነሣህ አትጠማዘዝ፤ ከባድ ከሆነ ሰው ጥራ። ጸሐፊው «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ እንደ ችካል ቢገተር ምንም አይጠቀምም፤ ይልቅስ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ብሎ ይንጎራደድ። ከሁሉ የሚሻለው አቀማመጥ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ነው። ወገብን በቀበቶ ማሰርንም አይወዱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ድጋፍና ቀበቶ ግን እንዲቀር አሳስቧል። «ከሁሉ የሚበልጠው መቀነት የራስህ ጡንቻ ነው» ይላሉ።

ጭውውታችን ቀስ በቀስ ከበሽታ ወደ አገር ጉዳይ ተሻገረ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ሰውየውን አክሜ ብሰደው ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው ኩንታል ነው። ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ የሆነበት አገር ሁሉ ፈጥኖ ወደዚያ ልክ እንዲያወርደው ጠይቋል። እንግዲህ ያን ልክ በእጥፍ ሊሆን ምንም ያህል ባልቀረው ጭነት እየሠራን ወገባችን ለምን ታመመ ማለት አይገባንም። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይታሸግ የለምን? እህሉስ እንደዚሁ ቢሆን ማን ይጎዳል? ነጋዴው አይከስርም፤ ጤፉም አይጎድልም፤ ጆንያው ብቻ ሁለት ይሆናል።»

ሴቶችንም አልረሱም። ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች፣ ውኃ ለመቅዳት የሚመላለሱትን ልጃገረዶች አነሡ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ ሲውል ግን ከዚያ ይከብዳል። «ለወገብ ሕመም ከሁሉ የሚሻለውን መድኃኒት ንገረኝ ብትሉኝ» አሉ፤ «ቧንቧውን ወደ ቤት ማቅረብ ነው እላችኋለሁ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት በከንቱ አይደለም።»

ስለ ስፖርትም ብዙ ተናግረዋል። ቅሬታቸው፣ ወጌሻ የሚታወሰው ተጫዋች ሲወድቅ ብቻ መሆኑ ነው። ከጨዋታ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከጉዳት በኋላም ሳይድኑ አለመመለስ የሞያው ግማሽ ነው ይላሉ። ለምስክርነትም ሻምበል አበበ ቢቂላን ጠሩ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ከአንድ ወር ብዙም አላለፈም ነበር፤ ቢሆንም ከሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተመለከተው።

«ለእኔ ግን ትልቁ አበበ የኋለኛው ነው» አሉ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በዚያ ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ማከም የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው፤ በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት አሥራ ስድስት በሽተኞችን በቀስት አወዳድረው ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ከዚያ ተወለደ። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተደረገውም በሮም ነው፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ። የአበበ እግሮች ዳግም አልሄዱም። እጆቹ ግን ተመለሱለት፤ በእነዚያው እጆች በስቶክ ማንደቪል ቀስት ወረወረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ።

«የጠፋውን እግር ለመመለስ እኛ አቅም የለንም» አሉ ባለሞያው፤ «የቀረውን አካል ግን ማሠራት እንችላለን። ሞያችን በሙሉ ይኸው ነው።»

ስንወጣ ተሸካሚው ጫማውን አጥልቆ ይጠብቅ ነበር። ባለሞያው የጻፉለትን ወረቀት አሳየን፤ ለአሠሪው የተላከ ነው። ለሦስት ወር ከግማሽ ኩንታል በላይ እንዳይሸከም፣ ከዚያም በላይ ሲሆን ሁለት ሰው እንዲያነሣው ይጠይቃል። «እሺ ይሉሃል?» አልነው። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ደረት ኪሱ ከተተና «እንጃ» አለ፤ «ከጓደኞቼ ጋር ግን ተነጋግረናል። ሁለት ሁለት ሆነን እናወርዳለን።»

አንባቢ ሆይ፣ የዛሬ እሑድ ዕረፍት ነውና ይህን ጋዜጣ አንብበህ ስትጨርስ ከወንበርህ ተነሥተህ ጥቂት ተንሸራሸር። ነገ ደግሞ እህል ስትገዛ፣ ጆንያውን ከመኪናህ የሚያወርደውን ሰው ቀና ብለህ እየው። ወገብ ያለህ አንተ ብቻ አይደለህምና ብቻውን ሲያነሣ ካየኸው በአንዱ ጫፍ ያዝለት።