ማከማቻን የማስለቀቅ ቃላት፦ «ሰረዘ»፣ «አጠፋ»፣ «ገለበጠ»

የኮምፒውተር ማከማቻ ሲሞላ ቦታ ማስለቀቅ የቴክኒክ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን በጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ብርሃን ይሁን በደባርቅ ወይም በዳባት፣ በጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ ውሳኔውን የሚሰጠው በፊቱ የተጻፈውን ቃል አንብቦ ነው። ቃሉ ሁለት ትርጉም ካለው የዓመታት መዝገብ በአንድ ንክኪ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቃል መምረጥ ራሱ የጥንቃቄው አንድ ክፍል ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ወደ አማርኛ ከተተረጎሙት ፕሮግራሞች በአንዳንዶቹ «ሰርዝ» ማለት የተጀመረውን ትእዛዝ መተው ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ ፋይሉን ማስወገድ ነው። የመጀመሪያውን የለመደ ሰው ሁለተኛውን ሲነካ «ይቅር» ያለ እየመሰለው «ይጥፋ» ይላል። «አጥፋ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ «ኮምፒውተሩን አጥፋው» ሲባል ኃይሉ ይቋረጥ፣ «ፋይሉን አጥፋው» ሲባል ግን ጨርሶ አይኑር ማለት ነው።

፩. ሰረዘ፣ ፋቀ፣ አጠፋ

የብራና ጸሐፊዎቻችን ስሕተትን የሚያርሙባቸው ሁለት መንገዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ የተሳሳተውን ቃል ከላይና ከታች መስመር አድርጎ መሰረዝ ነው፤ ቃሉ ከንባብ ይወጣል እንጂ ከብራናው አይወጣም። ሁለተኛው በስለት መፋቅ ነው፤ በተፋቀው ቦታ ላይ ሌላ ይጻፋል።

ይህ ልዩነት በኮምፒውተርም አለ። በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የተወገደ ፋይል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሪሳይክል ቢን ይገባል። ከዚያ ሊመለስ ስለሚችል ድርጊቱ መሰረዝ ነው፤ ሆኖም ቢኑ እስኪራገፍ ድረስ ፋይሉ ቦታውን አይለቅም። ቢኑ ሲራገፍ ግን ድርጊቱ ወደ መፋቅ ያልፋል። ከፍላሽ ላይ የሚወገድ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቢኑ ሳያልፍ በቀጥታ ይጠፋል። በማግኔታዊ ዲስክ ላይ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ሊቆይ ቢችልም፣ በኤስኤስዲ ላይ ፈጥኖ ሊጠፋ ስለሚችል መተማመኛ አይሆንም።

በመሆኑም ሊመለስ ለሚችለው ድርጊት «ሰረዘ»፣ ለማይመለሰው «ለዘለቄታው አጠፋ» ቢባል ቃሉ ከነገሩ ጋር ይስማማል። «ፋቀ» በትርጉሙ የተሻለ ቢሆንም ዛሬ በዚህ አገባብ ለብዙው ተጠቃሚ እንግዳ ነው። የተጀመረን ትእዛዝ ለመተው ደግሞ «ይቅር» ይበቃል።

፪. ገለበጠ፣ ቀዳ፣ አዛወረ

«ገለበጠ» ከጎታና ከጽሕፈት ቤት የመጡ ሁለት ትርጉሞች አሉት። ገበሬው ገብሱን ከጎታ ወደ ስልቻ ሲገለብጥ ጎታው ባዶ ይሆናል። ጸሐፊው ደብዳቤ ሲገለብጥ ግን ዋናው በቦታው ይቀራል። «ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው» የተባለ ሠራተኛ የትኛውን ይረዳል? የጎታውን ከተረዳ ቦታ የተለቀቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ምንም አልተለቀቀም። የከፋው፣ ሌላ ቅጂ አለ ብሎ ያለውን አንድ ብቻ ያጠፋ ይሆናል።

«ቀዳ» ከዚህ ጉድለት የነጻ ነው። ውኃ የቀዳ ሰው ምንጩን አያደርቅም፤ «ቅጂ» የሚለው ስምም ከዚሁ ግሥ ወጥቶ ተለምዷል። ስለዚህ ዋናው ሲቀር «ቀዳ»፣ ዋናው አብሮ ሲሄድ «አዛወረ» ይባል።

የፕሮግራም «ጫነ» እና «አራገፈ» ጥንድ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። በስሜን አቀበት በቅሎ የጫነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭነት ቢራገፍ በቅሎዋ አትጎዳም። ፕሮግራምም በወጉ ሲራገፍ ሠራተኛው የጻፋቸው ሰነዶች በተለምዶ በቦታቸው ይቀራሉ። የፕሮግራሙን ማኅደር በእጅ መሰረዝ ግን ማራገፍ አይደለም፤ የጭነቱን ጠፍር እንደ መቁረጥ ነው።

፫. ገለባና ዘር

ገበሬ ለአዲስ ምርት ጎተራውን ሲያዘጋጅ ገለባውን ከፍሬው፣ የሚበላውን ከዘሩ ይለያል። በኮምፒውተርም ጊዜያዊ ፋይሎች፣ የተደጋገሙ ቅጂዎችና የማይሠራባቸው ፕሮግራሞች ገለባ ናቸው። ለእነዚህ «አጸዳ» ማለት ይገባል።

ቦታውን የሞላው ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ መለካት ያስፈልጋል። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 1,500 ፊደል ያለበት ገጽ 4,500 ባይት ያህል ነው። 4,500,000 ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ የእንደዚህ ያሉ 1,000 ገጾችን ጽሑፍ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ደብዳቤዎችን በመሰረዝ ቦታ አይገኝም፤ ቦታውን የሚይዙት ፎቶግራፎች፣ ቪዲዮዎችና በስካነር የተነሡ ገጾች ናቸው።

ዘሩ ግን ሌላ ነው። በዳባት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ቆይቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢጠፋ ያለፈውን ዓመት ተመልሶ የሚቆጥር የለም። የመንግሥት መዝገብም ቢሆን ሠራተኛው ቦታ ስለ ጠበበው ብቻ የሚያስወግደው አይደለም፤ የመዛግብት አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተደነገገ ጉዳይ ነው።

፬. የቀረበ ሐሳብ

ለተርጓሚዎችና ለመመሪያ አዘጋጆች የሚከተለው ቅደም ተከተል ከነቃላቱ ቀርቧል፦

ለካ፦ ቦታውን የያዘውን እወቅ።
አጽዳ፦ ጊዜያዊ ፋይሎችን አስወግድ።
አራግፍ፦ የማትሠራበትን ፕሮግራም በወጉ አውርድ።
ቅዳ፦ የሚጠበቀውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አኑር፤ ቅጂዎቹንም ከፍተህ አረጋግጥ።
ሰርዝ፦ የተቀዳውንና የማያስፈልገውን ወደ ቢን ላክ።
ለዘለቄታው አጥፋ፦ ቢኑን ከማራገፍህ በፊት ዝርዝሩን አንብብ።

«አዛውር» ቅጂንና ስረዛን በአንድ ትእዛዝ ስለሚያጣምር፣ ከማረጋገጫው በኋላ ካልሆነ በቀር ለዋና መዝገብ አይመከርም።

«አጥፋ» የሚለው ቃል ከእንግዲህ ብቻውን በቁልፍ ላይ ባይጻፍ መልካም ነው። ምን እንደሚጠፋና ይመለስ እንደ ሆነ አብሮ ይነገር። ሁለት ቃላት የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፤ የሚያድኑት ግን የአንድ ወረዳ መዝገብ ሊሆን ይችላል።