ጭቃ ቤቱን ሲሚንቶ አታልብሱት!

ወገን፣ ዛሬ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውዬ አንጀቴ አርሮ ነው የመጣሁት። ጋቢና ነጠላ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጀርባ ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት "ግድግዳው ተሰነጠቀ" ተብዬ ሄድኩ። ከውጭ ሲያዩት አዲስ፣ ወፍራም የሲሚንቶ ልስን ነው። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል በመሮ ባነሳው ቋሚው በጣቴ ፈረሰ። እርጥብ የቡና አተላ መስሏል። የዚያው ቋሚ ጫፍ፣ ልስኑ ያልደረሰበት ከቆርቆሮው ሥር ያለው፣ ሚስማር አላስገባም አለኝ። አንድ እንጨት እኮ ነው!

ባለቤቱ ሐጂ "ኢንጂነር፣ ሲሚንቶ ያጠነክረዋል ብለውን ነው" አሉኝ። ይህን ውሸት ስንት ቤት እንደከፈለበት! በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ጭቃ ቤት የጭቃ ክምር አይደለም። ሸክሙን የሚይዘው እንጨቱ ነው፤ በጭድ የቦካው ጭቃ ክፍተቱን ይሞላል፣ እንጨቱን ያለብሳል። ጀርመኖች ፋኽቨርክ የሚሉት ቤት የዚህ ዘመድ ነው፤ እነሱም በእንጨት አዋቅረው መሃሉን በጭድና ጭቃ መርገውታል፣ ብቻ እንጨቱን ከውጭ እንዲታይ ይተዉታል። ኩቬድሊንቡርግ በምትባል ከተማቸው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ የእንጨት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ከተማዋም በ1994 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግባለች። የእኛው ግን "ደሳሳ" ይባላል።

2. ሲሚንቶ። ጭቃ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይመልሳል፤ እንጨቱም አብሮት ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ እንጨትና ጭቃ ሲላወሱ አብሮ አይላወስም፣ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ውሃ በዚያ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ወርዶ ወርዶ የቋሚው እግር ላይ ይተኛል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጡ ይከተላል፣ ከውጭ ምንም አይታይም! ጀርመኖችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ስሕተት ሠርተው ብዙ ቤት አበስብሰዋል። ዛሬ የጥገና ባለሙያዎቻቸው ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ በጭቃና በኖራ ይተኩታል። እኛ ገና እየለሰንን ነው።

3. እሳት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ አካባቢ ከተነሣው ቃጠሎ ወዲህ "ጭቃ ቤት ስለሆነ ነው" ሲባል እሰማለሁ። ጭቃ አይነድም! በደንብ የተመረገ ግድግዳ እንጨቱን ከእሳት ይጋርዳል። እሳት ከሱቅ ሱቅ የሚሻገረው ከኮርኒስ በላይ ባለው ክፍት ቦታና በተከመረ ጨርቅ ነው። ምርጊቱ የረገፈ ቤት ግን አዎ፣ እንጨቱ ተጋልጧል። ለምን ረገፈ? ጠጋኝ ስለሌለው!

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ሄደ። ተከራዩ የኔ አይደለም ብሎ አይጠግንም፣ አከራዩ ቀበሌ በጀት የለኝም ይላል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ከርሞ "አርጅቷል፣ ይፍረስ" ይባላል። አላረጀም፤ ጥገና ተነፍጎ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገን ይላል፤ ደግ። እኔ ግን ለአንድ ሌላ ቤት ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በመጨረሻ "ጭቃ ቤት ደግሞ ቅርስ ነው እንዴ?" ተባልኩ። አዎ፣ ነው! ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊትም በኋላም ይህን ከተማ ያቆመው በአብዛኛው የጥድና የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና ምርጊት ነው።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ሲሚንቶ የለበሰ ጭቃ ቤት ከሆነ ክረምት ሳይገባ ከሥሩ አንድ ስንዝር ልስን አንሡና ቋሚውን በሚስማር ውጉት። ሚስማሩ ከገባ አናጢ ጥሩ፤ ጣሪያውን ደግፎ የበሰበሰውን እግር ይቁረጥ፣ በደረቅ ጥድ ይተካ፣ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠው። ሲሚንቶውን አራግፋችሁ በጭድ ጭቃ አስመርጉት፣ ላዩን ኖራ ቀቡት።