ተጨማሪ መረጃ፦ ከቁራሌው ጆንያ እስከ ሕንፃው ምሰሶ

በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ብረት ሲሰበስብ ከምናስበው በላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ብረት ደጋግሞ ቢቀልጥም ጥንካሬው አይጠፋምና።

ከማዕድን አዲስ ብረት ሲወጣ በማዕድኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በአብዛኛው የሚነጥቀው የድንጋይ ከሰል ነው። በዚህ መንገድ 1 ቶን ብረት ለማምረት 2 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። አሮጌ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ ግን እያንዳንዱ ቶን 1.4 ቶን ገደማ ማዕድንና 740 ኪሎ ግራም ያህል ከሰል ያተርፋል። እንደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል በሚመነጭበት አገር ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ታዲያ ብረቱን በጥንቃቄ መለየት የግድ ነው። የመዳብ ሽቦ አብሮ ከቀለጠ በኋላ መዳቡን መልሶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ ብረቱም ግሎ ሲዳመጥ ገጹ ይሰነጣጠቃል።

አሮጌ ብረት ብቻውን ለዓለም ግንባታ ስለማይበቃ፣ አዲስ ብረትን ያለ ከሰል የማውጣት ሙከራም አለ። በስዊድኗ ሉሌዮ ከተማ በ2021 እ.ኤ.አ. በከሰል ፈንታ በሃይድሮጅን ብረት ከማዕድን ወጥቷል፤ ከሂደቱ የሚወጣውም የውኃ እንፋሎት ነው።

ከማቅለጥ የሚሻልም አለ፦ በብየዳ ሳይሆን በብሎን የተያያዘ የብረት ምሰሶ፣ ሕንፃው ሲፈርስ ተፈትቶና ተመርምሮ ሌላ ሕንፃ ላይ ሊቆም ይችላል።