የላሊበላ ቦዮችና የአፈር ክምሮች

ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን ስለ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ዙሪያቸውን ስለከበቡት ቦዮችና ከውስጣቸው ወጥቶ ስለተከመረው አፈርና ድንጋይ የሚናገር ጥቂት ነው። የቦታው ታሪክ ግን ከቅርጻ ቅርጹ ባልተናነሰ በእነዚህ ላይ ተጽፏል።

ለብቻው የሚቆም ውቅር ሕንፃ የሚጀመረው ከጣሪያው ነው። ጠራቢው አስቀድሞ ዙሪያውን ቆፍሮ ቋጥኙን ለብቻው ያቆመዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ በየጎኑ 25 ሜትር፣ ወደ ታች ደግሞ 12 ሜትር ገደማ ነው። ሕንፃው ራሱ 12 ሜትር ገደማ ወርድ እንዳለው ስናስብ፣ ከዚህ አንድ ጉድጓድ ብቻ ከ5 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ወጥቷል ማለት ነው።

ያ ሁሉ ፍርስራሽ የት ገባ? ከፊሉ ዛሬም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተከምሮ ይገኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ-ዣቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ክምሮቹንና ቦዮቹን አንድ ላይ መርምረው፣ ቦታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት ደረጃ በደረጃ እንደተፈለፈለ አሳይተዋል። ከወለል በላይ ተንጠልጥለው የቀሩ በሮችም ቦዩ በኋላ ዘመን ይበልጥ እንደጠለቀ ይመሰክራሉ።

ስለ ዘመናቸው ያለው ክርክር የሚበረታው በአብያተ ክርስቲያናቱ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው ጥልቅ ቦይ በተሻገረ ድልድይ ነው። ይህን ያዩት እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን፣ ይህ ሕንፃና ቤተ መርቆሬዎስ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት፣ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለቤተ መንግሥት ወይም ለምሽግ ተፈልፍለው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነዋል ይላሉ። ሁሉም ተመራማሪ አልተስማማም፤ የቦዩን አቀማመጥ በቦታው ላየ ግን ሐሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

በቦይ መከበብ በላሊበላ ብቻ የታየ አይደለም፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለርስቶች ቤታቸውን ውሃ በሞላው ቦይ ይከብቡ ነበር። ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ግን የክረምት ዝናብ ከባድ ስለሆነ ውሃ መውጣት አለበት እንጂ መቆም የለበትም። የቦዮቹ ወለል ያዘነበለውና እርስ በርስ የተያያዙት ለዚህ ነው። ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይም የሰሜኑን ክፍል ከምሥራቁ ይለያል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከሉት ግዙፍ የብረት ጣሪያዎች ብዙ አነጋግረዋል፤ ስለ ክምሮቹ ግን ተቆርቋሪው ጥቂት ነው። መንገድ የምትጠርጉ፣ ቤት የምትሠሩ፣ ጥገና የምታቅዱ ሁሉ፣ ያንን አፈር ከመዛቃችሁ በፊት የአርኪኦሎጂ ባለሙያ ጥሩ፤ አንዴ ከተዛቀ የንብርብሩን ቅደም ተከተል የሚመልሰው የለም።