በሰሊጥ አገር ኮኮናት ፍለጋ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለልጆቼ የኮኮናት ወተት እቤት ላዘጋጅ ብዬ ከአዲስ አበባ አንድ ኮኮናት አስመጣሁ። 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ ነቀምቴ ደረሰ። በመዶሻ ሰብሬ ስከፍተው ውስጡ ሻግቶ ጠበቀኝ። (ኮኮናት የምትገዙ መጀመሪያ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት፤ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ካልተሰማ ተዉት።) አክስቴ ስታየኝ ቆይታ፣ «በሰሊጥ አገር ተቀምጠሽ ምን አስሮጠሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ኮኮናት የሞቃት ባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው፤ ነቀምቴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዴዴሳና አንገር ሸለቆዎች ሲወረድ ግን ያለው ሰሊጥ ነው፤ ደጋው ደግሞ ኑግ ያበቅላል። የወለጋ ሰሊጥ በገበያ የራሱ ደረጃ አለው። የሑመራው በነጭነቱ ለዳቦና ለጣፋጭ ሲመረጥ፣ የእኛው ዘይቱ ስለሚበዛ ለመጭመቂያ ይፈለጋል። ለወተትም የሚያስፈልገው ይኸው ቅባት ነው።

የኮኮናት ወተት ማለት ተፍቆ በሞቀ ውሃ የታሸና የተጨመቀ ሥጋው ነው፤ ፍሬው ውስጥ የሚገኘው ውሃ አይደለም። የሰሊጡም አሠራር ያው ነው። እናቶቻችን በጾም የሱፍና የኑግ ውሃ ሲያጣሩ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማጠቡ ነው፤ ሰሊጥ አሸዋ አያጣውም። ሰፊ ሳህን ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት፤ የተንሳፈፈውን ገለባ አንሡ። ከዚያ ሰሊጡን ከነውሃው ቀስ ብላችሁ ወደ ወንፊት ገልብጡት፤ አሸዋው ከሥር ይቀራል። ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። እኔ አንድ ጊዜ ሰንፌ በሁለት ብቻ ትቼው ቤተሰቡ ሁሉ አሸዋ ሲያኝክ ዋለ።

አንድ ኩባያ የታጠበ ሰሊጥ ሌሊቱን በውሃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውሃው ይደፋና ሰሊጡ ከሦስት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጋር በብሌንደር ይፈጫል። መብራት ከጠፋ ሙቀጫ አለ፤ ክንድ ብቻ ይጠይቃል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምቁት፤ ቅንጣት ጨው ጨምሩበት። ለወጥ የሚሆን ወፍራም ከፈለጋችሁ ውሃውን ሁለት ኩባያ አድርጉት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምራችሁ በለስላሳ እሳት አሙቁት። ሲንተከተክ ከቆየ ይለያያል። በኑግ መሥራት የሚሻ ፍሬውን መጀመሪያ በምጣድ ሞቅ ያድርገው። ልጣጩ ጥቁር ስለሆነ ወተቱ ግራጫ ይወጣል፤ ጣዕሙ ግን ለፍትፍት ወደር የለውም።

ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ከላይና ከታች ይለያል፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ መነቅነቅ ብቻ ነው። እንደ ኮኮናት ግን አይረጋም። የኮኮናት ቅባት በቅዝቃዜ የሚጠጥር ዓይነት ሲሆን የሰሊጥና የኑግ ግን ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ እንደ ክሬም የሚመታ ነገር አትጠብቁ። በሁለት ቀን ውስጥ ይጠጣ፤ ከኮመጠጠ ይደፋ። ሻጋታ የሚሸት ሰሊጥም ከመጀመሪያው አይገዛ።

«ወተት» የሚለው ስም ግን አያታልለን። የሰሊጡ ካልሲየም አብዛኛው ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ ከዝቃጩ ጋር ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ፕሮቲኑም ከላም ወተት ያነሰ ነው። እስከ ስድስት ወር ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ በቂ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ይህ መጠጥ የጡት ወተትን አይተካም። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ስላለም ለልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በጥቂቱ ይሁን፤ ሰውነቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ። ለሚጾሙ ትልልቅ ልጆችና የላም ወተት ሆዳቸውን ለሚነፋቸው አዋቂዎች ግን ጥሩ መጠጥ ነው።

ጨርቁ ላይ የቀረውን ዝቃጭ እኔ ልደፋው ነበር። አክስቴ ቀማችኝና በጥቂት ጨውና በርበሬ ከበሶ ጋር አሸችው። ልጆቹ ወተቱን ትተው መጀመሪያ የጨረሱት እሱን ነው።